«አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ»

የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ልጆች መዘምራን ናቸው። መዝሙሩ በፋ ሜጀር ነው፤ ማለትም ማረፊያ ድምፁ ፋ ነው። ሁለተኛው አንጓ ያለ ፒያኖ ይዘመርና ፒያኖው አዝማቹ ላይ ይመለሳል። ልጆቹ እዚያ ሲደርሱ ግማሽ ቶን (ፒያኖ ላይ ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለውን ርቀት) ወርደው ስለሚገኙ ፒያኖው ሲገባ ጆሮ ይሰቀጥጣል። መምህሩ ጥፋተኛውን የኋላው ረድፍ ላይ አገኘሁ አለ፤ ድምፁ መጎርነን የጀመረ የ13 ዓመት ልጅ ነበር።

«አንተ አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ፤ ድምፅ አታውጣ።»

«እሺ ቲቸር።»

ያቺ «እሺ» እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች። ልጁ አልተከራከረም፤ የኖታ ወረቀቱን ወደ ፊቱ ከፍ አድርጎ ያዘ እንጂ። መዝሙሩ ተደገመ። ልጁ ዝም ብሏል፣ መዝሙሩ ግን እዚያው ቦታ ላይ ያችኑ ግማሽ ቶን ወረደ። መምህሩ ስለዚህ ምንም አላለም፤ «ጮክ በሉ!» አለ። ጮክ ሲሉ ትንፋሻቸው ቶሎ ያልቃል፣ አንገታቸው ይገተራል፣ ጭራሽ ይብስባቸዋል።

መጀመሪያ መፈለግ የነበረበት የሚወርዱበት ቦታ ነው። ግጥሙን ትተው በ«ኑ» ብቻ፣ እያንዳንዱ የድምፅ ክፍል ለየብቻው ዘመረ፤ በየአራት ባሩ (የምት ክፍሉ) ኪቦርድ ላይ አንድ ድምፅ እየተነካ ይመሳከራል። ከፍተኛውን ድምፅ የሚዘምሩት ሶፕራኖዎቹ ለብቻቸው ደህና ናቸው። ከእነሱ ዝቅ ብለው በሚዘምሩት በአልቶዎቹ መስመር ላይ ግን ላ አምስት ጊዜ ትደጋገማለች። ላ በፋ ሜጀር ሦስተኛዋ ድምፅ ናት፤ ልጆች ሲደጋግሟት በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ያወርዷታል። ከእሷ ወደ ፋ ሲወርዱ ደግሞ እርምጃውን ያሰፉታል፤ ሶፕራኖዎቹም ጎረቤታቸውን ሰምተው ይከተላሉ። በዚያ ላይ ሁሉም አንድ ቦታ፣ ቃል መሐል ላይ ይተነፍሳሉ፤ ከትንፋሹ በኋላ የሚነሳው ድምፅ ዝቅ ብሎ ነው የሚነሳው።

ስለዚህ ሶፕራኖዎቹ በ«ም» ፋን ይዘው ቆዩ፣ አልቶዎቹ በዚያ ላይ እያንዳንዷን ላ ከቀደመችው ከፍ ያለች ያህል አስበው ዘመሩ። ጎን ለጎን የቆሙ ልጆች ተራ በተራ እንዲተነፍሱ ተደረገ። «ኢ» ላይ ከንፈር ወደ ጎን መለጠጡ ቀረ። ቴምፖውም (ፍጥነቱም) በደቂቃ ከ66 ምት ወደ 72 ከፍ አለ፤ ረጅም ሐረግ በዝግታ ከተጎተተ የዚህ ዕድሜ ትንፋሽ አያደርሰውም።

ልጁ ከአልቶዎቹ ጋር ተመድቦ ከመካከለኛው ዶ (ፒያኖ መሐል ካለው ዶ) በላይ ያለችውን ላ እንዲደርስባት ይጠበቅ ነበር። ከሚናገርበት ድምፅ ተነስቶ ወደ ታችም ወደ ላይም ሲፈተሽ፣ ሳይጨናነቅ የሚዘምረው ከመካከለኛው ዶ በታች ካለችው ፋ፣ ከዶው ቀጥላ እስካለችው ሬ ነው። ይህ በቂ ነው! የፋ ሜጀር ዋና ዋና ኮርዶች (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) መሠረታቸው ፋ፣ ሲ ፍላት (ከሲ ግማሽ ቶን ዝቅ ያለችው) እና ዶ ነው፤ ሦስቱም እዚያው ውስጥ ናቸው። በእነሱ ብቻ፣ በረጃጅም ኖታዎች፣ መስመር ተጻፈለት።

«ጮክ ልበል?» አለ ልጁ።

«አያስፈልግም፤ ብቻ ሳትለቃት ያዛት» አልኩት።

ወደ ፊት መሐል መጥቶ አልቶዎቹ አጠገብ ቆመ። ፋን ሲይዛት አልቶዎቹ የሚደገፉበት ድምፅ አገኙ፣ የ«ላ» ድምፅም መውረዷን ተወች።

ሲደክማቸው ግን አሁንም ትንሽ ይወርዳሉ። ለዝግጅቱ መነሻው ወደ ፋ ሻርፕ (ከፋ ግማሽ ቶን ወደ ላይ) ከፍ ተደረገ፤ ብዙ ጊዜ ይህ ብቻውን ጉሮሮ የለመደውን መንሸራተት ያስቀራል። የልጁ ድምፆችም ፋ ሻርፕ፣ ሲ እና ዶ ሻርፕ ሆኑ። በዚህ ዕድሜ ድምፅ በሳምንታት ውስጥ ስለሚለወጥ ከዝግጅቱ በፊት እንደገና ተፈተሸ፤ ከላይ ሬ ጠፍታ ከታች ሚ ተጨምራለች፣ የሚያስፈልጉት ሦስቱ ግን አሉ።

መምህሩ ልጁን ይቅርታ አልጠየቀውም። መጠየቅ ነበረበት፤ ያውም በሁሉም ልጆች ፊት።