ሬድ ሮክ ሄዳችሁ ዝናብ ከዘነበ አትውጡ

በመጋቢትና በሚያዝያ ከሎስ አንጀለስ ተነስታችሁ ላስ ቬጋስ አጠገብ ያለው ሬድ ሮክ ካንየን ድንጋይ ልትወጡ፣ ድንኳን ተክላችሁም ልታድሩ ካሰባችሁ፣ ይህ ለእናንተ ነው። እኛን ቀድሞ ያስጠነቀቀን ሰው አልነበረም።

መንገዱ ቀላል ነው። አይ-15ን ይዞ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ መንዳት ነው። አርብ ከሰዓት ብቻ አትነሱ፣ ትራፊኩ ያሰለቻል።

መግቢያውን አስቀድሙ። ከኦክቶበር 1 እስከ ሜይ 31 ድረስ፣ በፈረንጅ ሰዓት ከጠዋቱ 8 እስከ ማታ 5 በመኪና ለመግባት ሰዓት ማስያዝ ግዴታ ነው። ከ8 በፊት ለሚገባ ግን ማስያዝ አያስፈልግም፤ የመግቢያውን መክፈል ብቻ ነው። ስለዚህ ሰዓት ለማስያዝ አትጨነቁ፣ በሌሊት ተነሱ። የውስጡ መንገድ 13 ማይል ነው፣ የሚነዳውም በአንድ አቅጣጫ ብቻ። ማቆሚያችሁን ካለፋችሁ ዞራችሁ መምጣት ነው።

ካምፑ ቅዳሜና እሁድ ቶሎ ይሞላል፣ ቀድማችሁ ያዙ። ሻወር የለውም። ነፋሱ ደግሞ አይጣል ነው። መሬቱ ደረቅ ስለሆነ ቀጭን ካስማ አይገባም፣ ወፍራም የብረት ካስማ ያዙ። ለመውጣት ስትሄዱ ድንኳኑን አፍርሱት። ቆሞ ትታችሁት ከሄዳችሁ ሌላ ሰው ሰፈር ታገኙታላችሁ።

ለምግብ ከበሶ የሚሻል የለም። ሁዳዴ ስለነበር ማታ ማታ በትንሿ ጋዝ ሽሮ እንሠራ ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾመው ጓደኛችን የሚወጣው ከሰዓት፣ ከበላ በኋላ ብቻ ነበር። በባዶ ሆድ ድንጋይ ላይ መንጠልጠል ለሚወጣውም፣ ገመድ ለሚይዝለትም ጥሩ አይደለም።

ስፖርት ክላይምቢንግ የሚባለው ቦልቱ፣ ማለትም ገመድ የሚያያዝበት ብረት፣ ድንጋዩ ላይ ቀድሞ የተተከለበት ነው። ገመዱን ከቦልት ቦልት እያያዛችሁ ትወጣላችሁ። የመውጫ መንገድ ክብደት በቁጥር ይለካል፣ ቁጥሩ ሲጨምር ይከብዳል፤ ለጀማሪ ከ5.6 እስከ 5.9 ያለው ደረጃ ይበቃል። ብላክ ኮሪደር የሚባለው ጠባብ መተላለፊያ ግራና ቀኙ እንዲህ ባሉ መንገዶች የተሞላ ነው፤ 5.8 እና 5.9 ታገኛላችሁ። የገመዱን ጫፍ ሁልጊዜ ቋጥሩ። ሄልሜት አድርጉ፣ ሌላው ባያደርግም።

አሁን ወደ ዝናቡ ልምጣ።

የሬድ ሮክ ድንጋይ አሸዋማ ነው። ገርዓልታ ላይ አቡነ የማታ ጉህን የወጣ ሰው ይህን ዓይነት ድንጋይ በእጁ ያውቀዋል። አሸዋውን አያይዞ የያዘው ማጣበቂያ ደካማ ነው፣ ውሃ ሲገባው ይላላል። ትናንት ሰው የተንጠለጠለበት መያዣ ዛሬ እጃችሁ ላይ ይሰበራል። ቦልቱም የተተከለው እዚያው ድንጋይ ውስጥ ነው። የበረሃ ፀሐይ ላዩን በሁለት ሰዓት ያደርቀዋል፣ ውስጡ ግን እርጥብ እንደሆነ ይቆያል። ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው።

ከመካከላችን መውጣትን ጂም ውስጥ፣ በሰው ሠራሽ ግድግዳ ላይ ብቻ የለመዱ ስለነበሩ ለመጀመሪያው ቀን ከአንድ ድርጅት የሚመራን ጋይድ ቀጥረን ነበር። ድርጅቱ ሙሉ ክፍያውን የሚቀበለው አስቀድሞ ነው። በዋዜማው ከሰዓት ዝናብ ጀመረ፣ ሌሊቱንም አላቆመም። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ስናይ ደወልን። «ፀሐይ ወጥቷል፣ ድንጋዩ ደርቋል፣ ኑ» አሉን።

ሄድን። ድንጋዩ በእርግጥ ላዩ ደረቅ ነበር። ከሥሩ ያለውን አሸዋ በጣቴ ጫር ሳደርገው ግን ጥቁር ሆኖ ወጣ። ስጨብጠው እንደ ሊጥ ተድቦለቦለ። ጋይዱ ትሑት ወጣት ነበር፣ አይቶታል። ስልኩን ይዞ ራቅ አለና ቢሮው ደወለ። ሲመለስ «ቢሮው መውጣት ይቻላል ብሏል» አለን። «አንተስ ምን ትላለህ?» ብዬ ጠየቅኩት። ዝም አለ።

ያ ዝምታ ለእኔ በቂ መልስ ነበር። አንዱ ጓደኛችን «ከፍለናል እኮ፣ አንድ ቀላል እንኳ እንሞክር» አለ። አልተስማማንም። ገመድ የሚያያዝበትን የወገብ ቀበቶ፣ ሃርነሳችንን፣ ፈተን ወደ መኪናችን ተመለስን። በዚያ ውሳኔ ዛሬም እኮራለሁ።

ገንዘቡ ግን ቀልጦ ቀረ። ውሉ «የአየሩን ሁኔታ የሚወስነው ድርጅቱ ነው፣ ደንበኛው ከተወው ተመላሽ የለም» ይላል። ደወልን፣ ኢሜይል ጻፍን። የመጣልን መልስ ያው የውሉ አንቀጽ ተገልብጦ ነው። ሌላ ቀን እንኳ አልሰጡንም። ብሩ ያናድዳል። ከብሩ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ግን፣ ስለ ድንጋይ ምንም የማያውቅ ጀማሪ እነሱን አምኖ ይወጣ እንደነበር ሳስብ ነው። የተሰበረ መያዣ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ መንገዱ ተበላሸ ማለት ነው።

የተለመደው ምክር ከዝናብ በኋላ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ጠብቁ የሚል ነው። ሰው ሁሉ 24ቷን ይመርጣል። እኔ የምለው ሰዓቱን ተዉት፣ አሸዋውን ቆፍሩ። ጣታችሁ እርጥብ ካገኘ አትውጡ። ሌሊቱን ሙሉ ከዘነበ ሦስት ቀን ቁጠሩ። ጋይድ ስትቀጥሩም ዝናብ ቢዘንብ ምን እንደሚያደርጉ በጽሑፍ ካልመለሱላችሁ አትክፈሉ።

ጉዟችንን ያተረፈው ሌላ ዓይነት ድንጋይ ነው። ከላስ ቬጋስ ሰሜን ምዕራብ ያለው ሎን ማውንቴን የኖራ ድንጋይ ነው፣ ዝናብ እንደ አሸዋማው አያላላውም። ቀላል መንገዶች አሉት፣ ልቅ ድንጋይ ስላለ ብቻ ከሥር የሚቆመውም ሄልሜት ያድርግ። ከዚያ አይ-15ን ይዘን ሁለት ሰዓት ገደማ ነዳንና ዩታ፣ ሴንት ጆርጅ ገባን። እዚያ ብላክ ሮክስ የሚባለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ። እንደደረቀ ይወጣል። ጂም ብቻ የለመዱት ጓደኞቻችን ውጪ ላይ ከፊት ሆነው ገመዱን ራሳቸው ቦልት ላይ እያያዙ የወጡት እዚያ ነው። ወደዚያ ስትሄዱ ዩታ ከኔቫዳ በአንድ ሰዓት እንደምትቀድም አስቡ፣ ለካምፕ መግቢያ ሰዓት እንዳታረፍዱ።