የቤተሰብ ክሩዛችንን ከባልቲሞር ያስነሳሁበት ምክንያት

ክሩዝ፣ ማለትም በመርከብ የሚደረግ የሽርሽር ጉዞ፣ እንሂድ ያለችው እህቴ ናት። ዋጋ ማነጻጸሩና ስልክ መደወሉ ግን እንደተለመደው እኔ ላይ ወደቀ። የምንኖረው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ለባልቲሞር ቅርብ በሆነችው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ያማከርኩት ሰው ሁሉ “ማያሚ ሂዱ” ነው የሚለኝ። መርከቦቹ ትልልቅ ናቸው፣ ምርጫው ብዙ ነው፣ ዋጋውም ይወርዳል። እውነታቸውን ነው። ግን የእናቴን፣ የእህቴን ቤተሰብና የእኛን የአውሮፕላን ቲኬት ደምሩበት። ከዋዜማው ሄዶ የሚታደርበት ሆቴልም አለ። ምክንያቱም መርከብ በረራው ዘግይቶበታል ብሎ ማንንም አይጠብቅም። ደምሬ ስጨርስ ርካሽ የተባለው ነገር ርካሽ አልነበረም።

ስለዚህ መርከብ ማማረጡን ተውኩና ወደ ወደቡ ዞርኩ። ኩባንያዎቹ ራሳቸው ምን አይተው ነው አንዱን ከተማ መነሻ የሚያደርጉት? ይህን ካወቅኩ የሚሆነንን መለየት አያቅተኝም ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የሚያዩት ሰው ነው። በመኪና መጥቶ የሚሳፈር ስንት ሰው አለ? የባልቲሞር ተርሚናል ሀይዌይ 95 አፍንጫ ስር ነው። ፓርኪንጉ እዚያው ነው፣ አውሮፕላን ማረፊያውም ሩቅ አይደለም። ከቨርጂኒያና ከፔንሲልቬንያ ሰው መኪናውን ነድቶ፣ አቁሞ ይገባል። ቴክሳስ ውስጥ ጋልቨስተንም ያደገችው በዚሁ መንገድ ነው። ሂዩስተን አጠገቧ ነው፣ ዳላስም በመኪና ይደረሳል። ሮያል ካሪቢያን የተባለው የክሩዝ ኩባንያ እዚያ 125 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ተርሚናል እ.ኤ.አ. በ2022 የከፈተው ያንን ሁሉ ነጂ ተማምኖ ነው። ፍሎሪዳ ያለችው ፖርት ካናቬራል ደግሞ ኦርላንዶን ተጠግታለች። ዲዝኒ ወርልድ የመጣ ቤተሰብ መርከቡንም ይጨምርበታል።

መርከብ መነሻ መሆን ቀላል ሥራ አይደለም። ለጉብኝት ብቻ የሚቆምበት ወደብ መልህቅ የሚጣልበት ቦታና ጥቂት ታክሲ ካለው ይበቃዋል። መነሻ ወደብ ላይ ግን መርከቡ ጎህ ሲቀድ ገብቶ በሺህ የሚቆጠር ሰው ከነሻንጣው ያወርዳል። ከሰዓት በኋላ ያንኑ ያህል ሌላ ሰው ጭኖ ይወጣል። ኢሚግሬሽን፣ ጉምሩክ፣ ነዳጅ፣ ቆሻሻ፣ ምግብ ሁሉም በዚያችው ቀን ማለቅ አለበት። እኛ ወረፋ ላይ ቆመን ፎርክሊፍቶቹ ሲመላለሱ ይታዩ ነበር። ውሃው፣ ድንቹ፣ የሽንት ቤት ወረቀቱ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ በመርከቡ ጎን ባለ በር ይገባል። ልጆቹ ከመርከቡ ይልቅ እሱን እያዩ ነው ወረፋውን የረሱት። ተርሚናሉ ራሱ ድሮ የወረቀት መጋዘን ነበር። በ2006 ነው የተሳፋሪ ማስተናገጃ የሆነው፤ ሲያዩትም ያስታውቃል።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን ድልድይ ነው። ባልቲሞር ለምን እነዚያ ግዙፍ መርከቦች አይመጡም? አይገቡማ! ከወደቡ እስከ ውቅያኖስ ባለው መንገድ አናፖሊስ አጠገብ የቼሳፒክ ቤይ ድልድይ አለ። ከስሩ ያለው ክፍተት 57 ሜትር ገደማ ነው። የኦሲስ ዓይነቶቹ የሮያል ካሪቢያን መርከቦች ከውሃ በላይ ብቻ 70 ሜትር ያልፋሉ። እዚያው ባልቲሞር ወደብ መውጫ ላይ የነበረው የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይም ቁመቱ ያንኑ ያህል ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ዳሊ የምትባል የጭነት መርከብ ገጭታው ወደቀ፣ ድልድዩ ላይ ይሠሩ የነበሩ ስድስት ሠራተኞችም ሞቱ። አዲሱ ድልድይ 70 ሜትር ያህል ከፍታ እንዲኖረው ታቅዷል። ቢሆንም አናፖሊስ ያለው እስካልተቀየረ ድረስ ትልቁ መርከብ አይመጣም። ፍሎሪዳ ያለችው ታምፓም በሰንሻይን ስካይዌይ ድልድይ ምክንያት ይኸው ችግር አለባት።

ይህ ለኔ ቤት ምን ማለት ነው? ልጆቹ በቪዲዮ ያዩት ባለ ብዙ ፎቅ የውሃ ሸርተቴ ከባልቲሞር የለም። ሳልከፍል በፊት ቁጭ አድርጌ ነገርኳቸው። ትንሹ አኮረፈ፣ ትልቋ ፒዛው ነጻ መሆኑን ስትሰማ ተስማማች። እናቴ ደግሞ ትንሽ መርከብ በመሆኑ ደስ አላት። ከክፍሏ እስከ ምግብ ቤቱ ያለው መንገድ አጭር ነው። ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ እንዲያዘጋጁላት ቀድሜ አስመዝግቤ ነበር፣ አሰናድተውላታል። ጨው የለውም ብላ ሚጥሚጣዋን ከቦርሳዋ አወጣች እንጂ።

ሌላው ርቀትና ነዳጅ ነው። ከባልቲሞር እስከ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ አፍ 280 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መርከቡ ግማሽ ቀን ይጓዛል፣ ገና ውቅያኖስ አልደረሰም። በዚያ ላይ ከ2015 ጀምሮ ከሰሜን አሜሪካ ጠረፍ 370 ኪሎ ሜትር ድረስ ድኝ የቀነሰ ውድ ነዳጅ መጠቀም፣ ወይም ጭሱን የሚያጥብ መሣሪያ መግጠም ግዴታ ነው። ካርኒቫል የተባለው ኩባንያ በዚህ ምክንያት በ2014 መርከቡን ከባልቲሞር አንስቶ ወደ ታምፓ ወስዶ ነበር። ማጠቢያውን ገጥሞ በ2015 ተመለሰ። ቨርጂኒያ ያለችው ኖርፎክ ከውቅያኖሱ አፍ ላይ ስለሆነች ይህ ጣጣ ይቀንስላታል። መውጫዋንም ድልድይ አይዘጋውም፤ የመኪናው መንገድ በውሃ ስር በዋሻ ነው የሚያልፈው። የባልቲሞሩ ድልድይ የወደቀ ሰሞን መርከቦቹ ወደ ኖርፎክ የዞሩት አለምክንያት አይደለም። ተሳፋሪውን በአውቶቡስ ነበር ወደ ባልቲሞር፣ ወደ መኪናው የመለሱት። እኔም ለዚህ ነው ሁሌ “ወደቡ ቢቀየር ማን ያመላልሰናል?” ብዬ ከመክፈሌ በፊት የምጠይቀው።

ሕጉም አለ። በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ በውጭ አገር የተመዘገበ መርከብ ሰውን ከአንዱ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላው እንዳያጓጉዝ ይከለክላል። የክሩዝ መርከቦች ደግሞ አብዛኞቹ የባሃማስን፣ የፓናማን ወይም የሌላ አገር ባንዲራ ነው የሚያውለበልቡት። ስለዚህ ከባልቲሞር ተነስቶ ባልቲሞር የሚመለስ መርከብ መሐል ላይ አንድ የውጭ አገር ወደብ መንካት አለበት። ባሃማስና ቤርሙዳ በየፕሮግራሙ የሚደጋገሙት አንድም ለዚህ ነው። በተለይ ወላጅ ይዛችሁ የምትሄዱ ልብ በሉ። ተነስቶ እዚያው ለሚመለስ ጉዞ የአሜሪካ ዜጋ የልደት ወረቀትና መታወቂያ ይዞ መሄድ ይችላል። እናቴ ግን ግሪን ካርድ ነው ያላት። የኢትዮጵያ ፓስፖርቷን ቀድመን አሳደስን፣ የየደሴቱን የቪዛ ሕግም ለየብቻ አየሁ። “ክሩዝ ስለሆነ አይጠይቁም” የሚል ወሬ አትስሙ።

ስንነሳ የቤይ ድልድዩ ጋ ልንደርስ ስንል ሰው ሁሉ ላይኛው ፎቅ ወጣ። የመርከቡ ጭስ ማውጫ ድልድዩን የሚነካው ይመስላል። ከላይ መኪኖቹ ሲያልፉ ድምፃቸው ይሰማል። እናቴ “በስመ አብ” ብላ አንገቷን ዝቅ አደረገች፣ አጠገባችን የቆመ አንድ ሰውዬም እሷን አይቶ አብሮ ዝቅ አለ።

አሁን ቤት ውስጥ የተያዘው ክርክር አላስካ ነው። እህቴ ከሲያትል ትላለች፤ ዘመድ አለን፣ ማረፊያ አናጣም። ከሲያትል ዞሮ የሚመለስ መርከብ ግን በዚያው ሕግ ምክንያት ካናዳን መንካት ስላለበት ብዙውን ጊዜ ቪክቶሪያ ላይ ለማታ ብቻ ቆም ይላል። ካናዳ በ2021 ወደቦቿን በኮቪድ ስትዘጋ ኮንግረስ ጊዜያዊ ሕግ ባያወጣ ኖሮ ያ ክረምት እንዳለ ያለ ክሩዝ ያልፍ ነበር። ከቫንኩቨር ከተነሳን ግን መነሻው ውጭ አገር ስለሆነ በአንድ አቅጣጫ ሄደን አላስካ ላይ መውረድ እንችላለን። እናቴም በግሪን ካርዷና በፓስፖርቷ ካናዳ ለመግባት ቪዛ አያስፈልጋትም። እኔ ወደ ቫንኩቨር አድልቻለሁ። የአውሮፕላን ቲኬቱን ደምሬ ገና አልጨረስኩም።