ውዝፍ ኪራይ ያለበት ቤት

ዛሬ ልገዛው ያሰብኩትን ኮንዶሚኒየም አየሁ። ቤቱ ጥሩ ነው። ተከራይ እንዳለበት አውቅ ነበር፣ ውዝፍ ኪራይ እንዳለባቸው ግን የነገረችኝ ራሷ ተከራይዋ ናት። ባሏ ሥራ ካቆመ ወዲህ አልከፈሉም። ሻጩን ስጠይቀው «እህቴ፣ እሱን አንቺ ትቀበያቸዋለሽ» አለኝ፤ ከዋጋው ላይ ግን ምንም አልቀንስም ይላል!

በጣም ነው የተናደድኩት። በኪራይ አዋጁ (1320/2016) መሠረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ቢያንስ ለ2 ዓመት ነው፣ ኪራዩም የሚከፈለው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው፤ ስለዚህ ማን መቼ ምን ያህል እንደከፈለ በወረቀት መታየት ነበረበት። እሱ ሁሉንም በቃል ነው የሚነግረኝ። የውዝፉ መጠን ተጽፎ ሦስታችንም ካልፈረምንበት፣ ገንዘቡ የማን እንደሆነም በሽያጭ ውሉ ላይ ካልገባ፣ ውልና ማስረጃ አልሄድም አልኩት። በቅድሚያ የተቀበላቸው ኪራይ ካለም እንደዚያው ይጻፍ።

ሴትየዋ ግን አሳዘነችኝ። ልጆቿ እዚያው ሰፈር ነው የሚማሩት፣ እና ገና ስታየኝ የጠየቀችኝ «ልታስወጪን ነው?» ብላ ነው። አላስወጣትም። ቤቱን ከገዛሁት ከዚያ በኋላ ያለውን በየወሩ ለእኔ ትክፈል፣ የድሮውን ከእሱ ጋር ይጨርሱ፤ የእሱን ዕዳ ሰብሳቢ ሆኜ በሯን ማንኳኳት አልፈልግም።

ሻጩ አስቤበት እደውላለሁ ብሏል። ተከራይ ያለበት ቤት የገዛችሁ ካላችሁ፣ የውዝፉን ነገር ውሉ ላይ እንዴት እንዳስገባችሁት እባካችሁ ጻፉልኝ።