የቅዳሜ ማታ ጥበቃ

በምሥራቅ ጎጃም በአንድ ወረዳ በማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛነት ሳገለግል፣ አንድ መምህር በዘጠኝ ዓመት ተማሪው ጀርባ ላይ የአለንጋ ሰንበር ማየቱን አመለከተ። ጉዳዩን ቀድመው የያዙት የአካባቢው ሽማግሌዎች ግን አባትየው ዳግመኛ እንዳይመታ በዋስ አስፈርመውት ነበርና፣ ነገሩ በዕርቅ አልቋል አሉን።

ልጁ አባቱ ባለበት ስጠይቀው መጀመሪያ የአባቱን ፊት እያየ «ምንም አልሆንሁም» ይል ነበር። ጥጃ በሚያግድበት መስክ ለብቻው ሳገኘው ግን፣ በያዘው ልምጭ መሬቱን እየጫረ፣ አባቱ የሚመታው ቅዳሜ ከገበያ አረቄ ጠጥቶ ሲገባ መሆኑን፣ እናቱንም ልትገላግል ስትሞክር አብሮ እንደሚመታት ነገረኝ።

አብሮኝ የሄደው ባልደረባዬ በቅጹ ላይ በብዛት የመዘገበው የጣሪያውን ማፍሰስና የልጁን ባዶ እግር ነበር። ድህነት እርዳታ ያሻዋል እንጂ ልጅን ከቤተሰቡ የሚያስለይ ምክንያት አይደለም። እኛን ሊያስጨንቀን የሚገባው አደጋው የሚመጣበት ሰዓትና በዚያ ሰዓት ልጁን ለመጠበቅ ፈቃዱም አቅሙም ያለው አዋቂ ማን እንደሆነ ነው። እናትየው ፈቃዱ እንጂ አቅሙ አልነበራትም፤ የተፈረመው ወረቀት ደግሞ የልጁን ደኅንነት የጣለው በዚያው በሚመታው ሰው ቃል ላይ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል፤ ዕርቁ ግን የጎልማሶቹን ሰላም አስቀድሟል ብዬ አምናለሁ።

ጉዳዩን ለፖሊስ ካሳወቅን በኋላ፣ ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ ከወንዙ ማዶ ከአያቱ ዘንድ እንዲያድር ተነጋገርን። አሮጊቷ «ልጄ፣ ሰክሮ በሌሊት የቤቴን በር ቢደበድብስ? እኔ ምን አቅም አለኝ?» ሲሉ ያልታሰበውን ቀዳዳ አሳዩን። በዚህም የተነሣ አጎቱ በዚያች ሌሊት እዚያ እንዲያድር፣ እናትየውም ሥጋት ካደረባት ትንሿን ልጅ ይዛ እንድትከተል፣ መምህሩም ሰኞ ጠዋት ልጁን እንዲያይ ተስማማን።

በኅዳር ስንመለስ አጎትየው ለአጨዳ ሩቅ አገር ሄዷል። ስለዚህ በአያቲቱ ምርጫ አንድ ጎረቤታቸው እርሱን እንዲተካ አድርገን፣ አጎትየው እስኪመለስ ድረስ የክትትል ጉብኝታችንን ወደ እሑድ ጠዋት አዛወርነው።