ፒክአፕ በወር ተከራይቼ ስሠራ ያየሁት

ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት እያመጣሁ ደብረ ብርሃን ማከፋፈል ስጀምር መኪና የመግዛት አቅሙ አልነበረኝም። ለእያንዳንዱ ጭነት አይሱዙ መለመን ደግሞ አድክሞኛል፤ ስንት ጊዜ ሽንኩርቱ ተነቅሎ፣ ጆንያው ተሰፍቶ ማሳ ዳር አድሮብኛል! በ2017 ጥር ላይ አንዲት ሲንግል ጋቢና ሃይሉክስ ያለ ሹፌር በወር ኪራይ ያዝኩ።

የካፒታል ዕቃ ኪራይ የሚባለውንም ጠይቄ ነበር፤ በ1990 በአዋጅ ቁጥር 103 የወጣው፣ በ2005 በአዋጅ ቁጥር 807 የተሻሻለው። ክፍያው እስኪያልቅ ንብረቱ ሙሉ በሙሉ ያንተ አይሆንም፤ አንተ እየሠራህበት ትከፍላለህ። ሥራው ለጸናለት ሰው ጥሩ መንገድ ነው። እኔ ግን ያዋጣኝ አያዋጣኝ ሳላውቅ ራሴን ለዓመታት ማሰር ስላልፈለግኩ ተራውን ኪራይ መረጥኩ፤ በዚህ አልተጸጸትኩም።

ጥቅሙ እውነት ነው። ያለችኝ ገንዘብ ብረት ላይ ሳትታሰር ሽንኩርት ላይ ዋለች። የቦሎና የዓመታዊ ምርመራው ጣጣ የባለቤቱ ነው። ገበሬው «ነገ እነቅላለሁ» ብሎ ሲደውል ማንንም ሳልለምን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቼ እወርዳለሁ።

የጎዳኝ መንገዱና ውሉ ናቸው። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት 95 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ብርድ ተነስተህ ጣሊያን የሠራውን ዋሻ አልፈህ 1,300 ሜትር አካባቢ ወዳለው ቆላ ነው የምትወርደው። ስትመለስ ያንኑ ዳገት ጭነት ይዘህ ትወጣዋለህ። እዚህ መንገድ ላይ አንድ ወር የሠራ መኪና ድካሙ ሜዳ ላይ ከሚሠራው ጋር አይወዳደርም። ውላችን ግን «ጥቃቅን ጥገና የተከራይ፣ ከባድ ጥገና የባለንብረት» ብሎ ነበር ያለፈው። ያን ጊዜ ግልጽ መስሎኝ ፈረምኩ።

በሦስተኛው ወር፣ ወደ ደብረ ሲና ስወርድ የተቃጠለ ሽታ ጋቢናው ውስጥ ገባ። የፍሬኑ ፔዳል ወደ ታች ዘልቆ ይሄዳል። በሁለተኛ ማርሽ እየያዝኩ ከተማው ደረስኩና ዳር ይዤ ቆምኩ። ከፊት ጎማው ጭስ ይወጣል፤ እጄን ሳስጠጋ ሳልነካው ፈጀኝ። መካኒኩ ጎማውን ፈትቶ የፍሬን ሸራውን አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። አንዱ ጎኑ አልቆ ብረቱ ያብለጨልጫል። «ወንድሜ፣ ይህን ቁልቁለት በማርሽ ነው የሚወርዱት፣ በፍሬን አይደለም» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣርማበር ላይ ከዋሻው ሳልወጣ ማርሽ እቀንሳለሁ።

ለባለቤቱ ደወልኩ። «ጋሼ፣ የፍሬን ሸራው አልቋል፤ ዲስኩም ተቧጭሯል።»

«ልጄ፣ ሳስረክብህ እኮ ይይዝ ነበር።»

«ይይዝ ነበር ጋሼ፤ ግን ስንት እንደቀረው እርስዎም እኔም አላየነውም።»

እሳቸውም እውነት ነበራቸው። ሸራው ጥቃቅን ነው፤ ዲስኩስ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የመለዋወጫ ዋጋ ተሰቅሏል፤ ማናችንም ብቻችንን ልንሸከመው አልፈለግንም። እኩል ተካፈልን። በሽምግልና ሳይሆን በሁለት ስልክ ማለቁ የእሳቸው ደግነት ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን ፍርድ ቤት እንቆም ነበር።

ሌላው ጉዳት በዝምታ የሚበላ ነው። ደብተሬን ሳገላብጥ በአንዱ ወር ከ30 ቀን 11 ቀን መኪናዋ ደጄ ቆማለች። ኪራዩ ግን አልቆመም። ስለዚህ የወር ኪራይን በ30 አታካፍሉ፤ መኪናዋ በምትሠራበት ቀን አካፍሉ። ያኔ ትክክለኛው ዋጋ ይታያል። እኔን ያዳነኝ ባዶ መውረድ ማቆሜ ነው፤ ከደጋው ድንች ጭኜ ወርጄ ሽንኩርት ይዤ ስወጣ ናፍጣው ለሁለት ተካፈለ።

ኢንሹራንሱንም ሳትጠይቁ አትፈርሙ። የእኔዋ የሦስተኛ ወገን ብቻ ነበራት። እሱ ሌላ ሰው ላይ ለደረሰ ጉዳት እንጂ ለራሷ ለመኪናዋ አይከፍልም። አንድ ድንጋይ የፊት መስታወቱን ሲሰነጥቀው ከኪሴ ወጣ።

ዘንድሮ ከኚሁ ሰው ጋር እንደገና ተዋውለናል። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ጎማ እያንዳንዱ በስሙ ተጽፎ ማን እንደሚከፍል ተለየ። ከመፈረማችን በፊት ጋራዥ ሄደን አራቱንም ጎማ አስፈታን፣ የሸራውን ውፍረት ለካን፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን በስልክ አነሳን። ውሉም ለበጋው ብቻ ነው፤ ሰኔ ሲገባ ቁልፉን አስረክባለሁ።