ከማናንግ ወደ ሙክቲናት

ኔፓል ውስጥ፣ ከማናንግ መንደር በላይ ዛፉ እየሳሳ ይሄዳል። ከዚያ ድንጋይ፣ ያክ የሚባለው ጸጉራም የተራራ ከብትና ነፋስ ብቻ ነው። መንደሯ 3,540 ሜትር ላይ ናት፤ ወደ ሙክቲናት የሚያሻግረው ቶሮንግ ላ የሚባለው የተራራ መተላለፊያ ደግሞ 5,416 ሜትር ላይ። ማናንግ ሳያርፉ መውጣት አይገባም። የከፍታ ሕመም ጎበዝ ደካማ አይለይም።

መንገዱ የሚያልፍበት የኔፓሉ አናፑርና ጥብቅ ስፍራ 7,629 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ በአገሪቱ ትልቁ። በጣም የወደድኩት ግን ሰዎቹ አለመባረራቸውን ነው። ጉሩንጎች፣ ታካሊዎችና ማናንጊዎች እዚያው ያርሳሉ፣ ከብት ያረባሉ፣ እንግዳ ያሳድራሉ። ከውጭ ተጓዥ የሚሰበሰበው የመግቢያ ክፍያም ለዱካ ጥገናና ለጥበቃ ሥራ ይውላል። ተፈጥሮን መጠበቅ ማለት ለእኔ ይሄ ነው።

መንገድ ላይ ጸሎት የተቀረጸባቸው የድንጋይ ግንቦች አሉ። ግንቡን በቀኝህ አድርገህ ታልፋለህ። ሙክቲናት ስትደርስ ሂንዱውም ቡድሂስቱም አንድ ግቢ ውስጥ ይጸልያል። 108 የውኃ መውረጃዎች አሉ፤ ምእመናን በዚያ ብርድ ከሚወርደው ውኃ ሥር ያልፋሉ። ዝም ብዬ ቆሜ አየኋቸው።

ከዚያ ወደ ካሊ ጋንዳኪ ሸለቆ መውረድ ነው። በጠዋት ተነሱ፤ ከረፋድ በኋላ ነፋሱ አያስኬድም። የታካሊዎች ዳል ባት የሚባለው ምግብም አያምልጣችሁ፦ ሩዝ፣ ምስር፣ ጎመን፣ አቻር የሚባል ማጣፈጫ። ሳህኑ ሲጎድል ይጨምሩላችኋል፣ እንደኛው እናቶች።

አሁን ሙክቲናት ድረስ መኪና ይገባል። «ውበቱን ገደለው» የሚሉ ተጓዦች አሉ። አልስማማም። የታመመ ሰው ፖክሃራ ከተማ ሐኪም ዘንድ በመኪና መድረሱ ከእኛ ፎቶ ይበልጣል። ለእግረኛ ደግሞ በብዙ ቦታ ከአቧራው የራቀ ዱካ ተለይቷል፤ ቀይና ነጭ ምልክቱን መከተል ነው።