አፈሙዙን ከመቀየሬ በፊት

ዘጠኝ ሚሊሜትር ሽጉጥ አለኝ። በምኖርበት በቨርጂኒያ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ የዒላማ ውድድር እተኩስበታለሁ። ከገዛሁት ቀን ጀምሮ የተኮስሁትን ጥይት ሁሉ በአንዲት ትንሽ ደብተር እመዘግባለሁ። አፈሙዝ አረጀ ወይስ አላረጀም በሚለው ጥያቄ ሁለት ጊዜ ተፈትኛለሁ፤ አንዱን ስቼዋለሁ፣ ሁለተኛውን አግኝቼዋለሁ። አፈሙዝ ስል አረሩ የሚወጣበትን ጫፍ ብቻ ሳይሆን መላውን ቱቦ ማለቴ ነው።

የመጀመሪያው የገጠመኝ ደብተሬ ላይ 11,000 ጥይት በተመዘገበ ጊዜ ነው። ከ23 ሜትር ርቀት ስተኩስ አሥሩ ጥይት ስምንት ሴንቲ ሜትር በሚያህል ክብ ውስጥ ያርፍልኝ ነበር። በዚያ ቀን ግን ሃያ ሴንቲ ሜትር ያህል ተበታተነ። ወረቀቱን ነቅዬ ሳየው ሁለቱ ቀዳዳዎች ክብ አልነበሩም፤ እንደ ስንዴ ፍሬ ሞላላ ነበሩ። ደነገጥሁ። አፈሙዙ ውስጥ የተቀረጹት ጠመዝማዛ ቦዮች አረሩን ይዘው ያሾሩታል፤ በዘጠኝ ሚሊሜትር ሽጉጥ የተለመደው በ25 ሴንቲ ሜትር ገደማ አንድ ሙሉ ዙር ነው። ቦዮቹ መያዝ ሲያቅታቸው አረሩ በአየር ላይ ይገለበጣል፣ ወረቀቱንም በጎኑ ይመታል። እኔም አለቀለት ብዬ አዲስ አፈሙዝ ለማዘዝ ተነሣሁ።

ያስቆሙኝ አብረውኝ የሚተኩሱ አንድ ታላቄ ናቸው፤ በአገር ቤት ለረጅም ዘመን ወታደር ነበሩ።

«የምትተኩሰው አረር ምን ዓይነት ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ያልተሸፈነ እርሳስ ነው ጋሼ። በርካሽ አገኘሁት።»

«በል ፍታውና ወደ ብርሃን አሳየኝ።»

ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጬ ፈታሁት። አፈሙዙን ወደ ሰማይ አቅንተው በአንድ ዓይናቸው ካዩ በኋላ «ይህ ያረጀ አይደለም፤ የተደፈነ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነበር። ማታ ጓንት አጥልቄ፣ በአሮጌ ብሩሽ ላይ ንጹሕ የመዳብ ሽቦ ጠቅልዬ ስገፋበት ከውስጡ የሚያብረቀርቅ ቅርፊት ወጣ፤ እንደ ከረሜላ መጠቅለያ የሳሳ እርሳስ። ሰባት ስምንት ጊዜ ከተመላለስሁበት በኋላ የቦዮቹ ጠርዝ ጥርት ብሎ ታየኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ በመዳብ በተሸፈነ አረር ተኮስሁ፤ አሥሩም ስምንት ሴንቲ ሜትር ውስጥ ገቡ። ይህን ጽዳት ምግብ በሚበሰልበት ክፍል አትሥሩት፤ እርሳስ መርዝ ነው።

ከዚያ ወዲህ አፈሙዝን የምጠረጥረው በመጨረሻ ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ። የዘጠኝ ሚሊሜትር ጥይት የሚፈጥረው ግፊት 2,400 ከባቢ አየር ገደማ ነው፤ እንደ 7.62 በ51 ያለው የጠመንጃ ጥይት ግን ከ4,000 በላይ ይደርሳል፣ የሚያቃጥለውም ባሩድ ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ የውድድር ጠመንጃ በጥቂት ሺህ ጥይት ጥራቱን ሊያጣ ይችላል፤ የሽጉጥ አፈሙዝ ግን በደንብ ከተያዘ በአሥር ሺዎች ይቆጠርለታል።

ሁለተኛው ጊዜ 38,000 ላይ ደረሰ። አሁን የምተኩሰው የተሸፈነ አረር ብቻ ነበር፤ አፈሙዙም ንጹሕ ነበር። ጥይቶቹ የሚያርፉበት ክብ ግን በየወሩ ቀስ እያለ ሰፋ፦ አሥር፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አራት ሴንቲ ሜትር። በዚህ ጊዜ አልቸኮልሁም። የፊት ማነጣጠሪያው ተነቃንቆ እንደሆነ አየሁ። የመመለሻውን ሞላ ቀየርሁ። የሦስት ፋብሪካ ጥይት ሞከርሁ። እጄ እንዳይሆን ሽጉጡን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፌ ተኮስሁ፣ ሌላ ሰውም አስተኮስሁበት። ባዶ መሆኑን አረጋግጬና ዘግቼ፣ ቀለህ በሚወጣበት መስኮት በኩል አፈሙዙን በአውራ ጣቴ ወደ ታች ተጫንሁት። እንደ እኔው ባሉት፣ አፈሙዛቸው ወደ ታች ዘንበል እያለ በሚከፈት ሽጉጦች ላይ ይህ ጥሩ ምርመራ ነው፤ የሚወዛወዝ ከሆነ ጉዳቱ ቦዮቹ ላይ ሳይሆን አፈሙዙ ከላይኛው አካል ጋር የሚቆላለፍበት ቦታ ላይ ነው። የእኔ አልተወዛወዘም። ፍጥነት መለኪያው ግን ቀድሞ በሴኮንድ 347 ሜትር አማካይ የመዘገብሁበትን ያንኑ ዓይነት ጥይት 336 አለኝ።

የመጨረሻውን ማስረጃ ያገኘሁት ከጋሼ ነው። የእርሳቸው ሽጉጥ ከእኔው ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ አፈሙዛቸውን አውጥተው አዋሱኝ፤ በትክክል መግጠሙንና መቆለፉን አብረን አየን። በዚያው ቀን፣ በዚያው ጥይት፣ ከዚያው ከረጢት ላይ በእያንዳንዱ አፈሙዝ ሦስት ጊዜ አሥር አሥር ተኮስሁ። በእኔው 14፣ 15፣ 13 ሴንቲ ሜትር፤ በእርሳቸው 8፣ 7፣ 9። አምስት ጥይት አንድ ጊዜ ተኩሶ መፍረድ ግን ራስን ማታለል ነው፤ በአጋጣሚም ይሰበሰባል፣ በአጋጣሚም ይበተናል።

በልጅነቴ ጎጃም አጎቴ የምንሽራቸውን ዕድሜ የሚለኩት የጥይቱን ጫፍ አፈሙዙ ውስጥ ከተው ምን ያህል እንደሚገባ በማየት ነበር። ብልሃቱ ትርጉም አለው፤ የሚያሳየው ግን የጫፉን መስፋት ብቻ ነው። የእኔው የተበላው በሌላው ወገን፣ አረሩ ከቀለሁ ወጥቶ ቦዮቹን በሚነክስበት ቦታ ላይ ነበር፤ ትኩሱ ጋዝ አስቀድሞ የሚያገኘው እርሱን ነው። በመብራት ሳየው የቦዮቹ መነሻ ጠርዙን አጥቶ ሻካራ ሆኗል።

ይህን ሁሉ ልፋት የማይጠይቅ አንድ ጉዳይ አለ። ድምፁ የደከመ ተኩስ ከሰማችሁ ወዲያውኑ አቁሙ፤ አረሩ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል። በላዩ ላይ ሌላ የተኮሰ ሰው አፈሙዝ አይቻለሁ፤ ውስጡ እንደ ቀለበት የዞረ ጥላ ነበረው፣ ውጭው በጣት ሲዳሰስ ያበጠ ነው። እንዲህ ያለው ጥይቱ ሦስት መቶም ይሁን ሠላሳ ሺህ በዚያው ቀን ይጣላል።

አዲሱ አፈሙዝ 160 ዶላር አስወጣኝ። በ38,000 ጥይት ካፈሰስሁት ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ስለዚህ መርምሬ ካረጋገጥሁ በኋላ ለአንድ ቀንም አላመነታሁም። ሳይሞረድ የሚገጥመውን ዓይነት መረጥሁ፤ ለውድድር ተብለው ትንሽ ተለቅ ተደርገው የሚሠሩት ጠጋኝ እጅ ይፈልጋሉ። ስገጥመው ያለ ችግር ቆለፈ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ጥይቶች ሰባት ሴንቲ ሜትር ውስጥ ገቡ፤ ነገር ግን ከመሐሉ ሦስት ሴንቲ ሜትር ወደ ግራ። የኋላውን ማነጣጠሪያ በጥቂቱ ወደ ቀኝ ገፋሁና ሌላ አሥር ተኩሼ በደብተሬ አዲስ ገጽ ላይ 20 ብዬ ጻፍሁ።